«ጥሪዬ ምንድን ነው?» ለሚሉ ተማሪዎችና ሠራተኞች

ክርስቲያን ተማሪዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። እግዚአብሔር የጠራኝ ለምንድን ነው? የገባሁበት ዲፓርትመንት የእሱ ፈቃድ ነው ወይስ መንገድ ስቻለሁ? ሥራ የያዙት ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ገልብጠው ይጠይቁታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የምውለው ነገር እግዚአብሔር ፊት ቁም ነገር አለው? ወይስ ለእሱ የምኖረው ጸሎትና ዝማሬ ላይ ስሆን ብቻ ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚህ የተነሣ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ አለ። ደህና ሥራውን ጥሎ «ጌታ ሌላ ነገር አዘጋጅቶልኛል» ያለ አለ። ድምፅ ሲጠብቅ ከፊቱ የነበረው ዕድል ሁሉ ያለፈውም አለ። ስለዚህ የክርስትና ትምህርት ስለ ጥሪ ምን እንደሚል፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ መማሪያ ክፍልና ቢሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ረጋ ብለን እንየው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ እንደማምነው ጥሪ የሆነ ቦታ ተደብቆ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም። አሁን ከቆማችሁበት ይጀምራል፤ መለኪያውም ሥራችሁ የሚደርሰው ሰው ነው።

መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሱን። ሐዋርያት ለአማኞች «ተጠርታችኋል» ብለው ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ክርስቶስን ስለ መከተል ነው፤ የሙያ ምርጫ እዚያ ውስጥ የለም። ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ለጥሪያችሁ እንደሚገባ ኑሩ ይልና ወዲያው ትሕትናን፣ የዋህነትን፣ ትዕግሥትን ይዘረዝራል። ሕክምና አጥኑ ወይም ንግድ ግቡ አይልም። ይህ ጥሪ ለሁሉም አንድ ነው፣ ለፕሮፌሰሩም ለጽዳት ሠራተኛዋም። ከሥራ ብትባረሩ አይወሰድባችሁም፣ ጡረታ ብትወጡም አያበቃም። «ጥሪዬን አላገኘሁትም» ብሎ እንቅልፍ ያጣ አማኝ ካለ፣ ዋናውን ጥሪ ከተቀበለው ቆይቷል።

ሁለተኛ ጥሪ አለ፤ እሱ የሚቆመው በመጀመሪያው ላይ ነው። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረውና በ1602 ያረፈው እንግሊዛዊ ሰባኪ ዊልያም ፐርኪንስ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ነገሩን አጠቃላይ ጥሪና የግል ጥሪ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ያስረዳ ነበር። አጠቃላዩ ክርስቲያን መሆን ነው። የግሉ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሌላውን እንዲጠቅም የተሰጠው ቦታ ነው፦ ወላጅነት፣ መምህርነት፣ ዳኝነት፣ እረኝነት። ሁለቱ ተለያይተው መኖር የለባቸውም፣ የግሉ ጥሪ የሚኖረው በአጠቃላዩ ውስጥ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መልአክ፣ ገበያ ላይ ግን አጭበርባሪ የሆነ ሰው በዚህ አከፋፈል ሁለቱንም ጥሪ አጥቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የግል ጥሪውን አንድ ብቻ፣ ዕድሜ ልክ የማይቀየር፣ ካመለጠ የማይገኝ አድርጎ ያስበዋል። እስቲ ራሳችሁን እዩ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የእናቱ ልጅ ነው፣ ተማሪ ነው፣ የዶርም ጓደኛ ነው፣ ታላቅ ወንድም ነው፣ ዜጋ ነው። ሁሉም የግል ጥሪው ነው። በየዕድሜውም ይቀያየራል። ጳውሎስ ራሱ ሐዋርያ ሆኖ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ቆሮንቶስ ሲገባ ሙያቸው አንድ ስለነበር አቂላና ጵርስቅላ ቤት ተቀምጦ አብሯቸው ሠራ (ሐዋ. 18፥3)። መስፋቱን ሐዋርያነቱን እንደሚያጎድል ነገር ሲያፍርበት አናይም። እንዲያውም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ በማንም ላይ እንዳንከብድ ሌትና ቀን እየሠራን ሰበክንላችሁ ብሎ ያስታውሳቸዋል።

ደግሞ 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ጠቅሶ «እያንዳንዱ በተጠራበት ይኑር ተብሏል፣ ስለዚህ ባላችሁበት ተቀመጡ» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ቀጣዩን ቁጥር አብራችሁ አንብቡት። ባሪያ ሆኖ የተጠራ ሰው አርነት መውጣት ከቻለ ይውጣ ይላል። ጳውሎስ የሚለው፣ እግዚአብሔር እንዲቀበላችሁ መጀመሪያ የኑሮ ደረጃችሁን መቀየር አይጠበቅባችሁም ነው። መቀየርን አልከለከለም።

ታዲያ «መንፈሳዊ ሥራ» እና «ዓለማዊ ሥራ» የሚባለው ክፍፍል ከየት መጣ? አንዱን ምንጭ በ4ኛው ክፍለ ዘመን እናገኘዋለን። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ኤውሳብዮስ ዘቂሣርያ ሁለት ዓይነት የክርስትና አኗኗር አለ ብሎ ጽፏል። አንደኛው ከጋብቻ፣ ከልጅና ከንብረት ርቀው ለእግዚአብሔር ብቻ የሚኖሩት ሕይወት ነው። ሌላው የሚያገቡት፣ የሚያርሱት፣ የሚነግዱትና ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግሉት ሰዎች ሕይወት ነው፤ ይህም የተፈቀደ ነው፣ ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። አስተሳሰቡ ለብዙ ዘመናት ዘለቀ፤ ምንኩስናን በማይቀበሉ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ እንኳን መልኩን ቀይሮ ይኖራል። ዛሬ የመነኩሴውን ቦታ «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ» ይይዘዋል፣ የገበሬውን ደግሞ አካውንታንቷ።

ጥፋቱን ሁሉ ገዳማት ላይ መጣል ግን ልክ አይመስለኝም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤኔዲክት ለመነኮሳቱ ያወጣውን ሥርዓት ተመልከቱ። ሥራ ፈትነት የነፍስ ጠላት ነው ይልና የእጅ ሥራን ከጸሎትና ከንባብ ጋር የዕለቱ ፕሮግራም ውስጥ ያስገባዋል። የገዳሙን ንብረት የሚጠብቀው መነኩሴ ዕቃውን ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋያተ ቅድሳት እንዲያየው ያዝዛል። የእጅ ባለሙያ የሆኑት መነኮሳት የሠሩት ዕቃ ሲሸጥ ደግሞ ስግብግብነት እንዳይገባበት ዋጋው ከውጪው ትንሽ ቀነስ ይበል ይላል። ይህቺን የመጨረሻዋን ትእዛዝ በጣም ነው የምወዳት። የሚጸልየው ሰው እምነቱ ዋጋ ትመና ውስጥ ድረስ እንዲገባ ነው ያደረገችው።

ከዚያ ሉተር መጣ። ራሱ መነኩሴ የነበረው ማርቲን ሉተር በ1520 ባሳተማቸው ጽሑፎች ክፍፍሉን ፊት ለፊት ተቃወመው። የመነኩሴና የካህን ሥራ ምንም ያህል ቅዱስና አድካሚ ቢሆን፣ እግዚአብሔር ፊት እርሻ ላይ ከሚለፋው ባላገር ወይም ቤቷ ውስጥ ከምትሠራው ሴት ሥራ አይበልጥም፣ ሁሉም የሚመዘነው በእምነት ነው አለ። ከሐሳቡ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ስለ ባልንጀራ ያስተማረው ነው። እግዚአብሔር የእኛ መልካም ሥራ የሚጎድልበት አምላክ አይደለም። የሚጎድልበት አጠገባችን ያለው ሰው ነው። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ብለን ስንጸልይ እንጀራው ከሰማይ አይወርድልንም፤ የሚደርሰን በገበሬው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በጋጋሪዋና በሾፌሩ እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን በአግባቡ ሲሠሩ የብዙ ሰው ጸሎት እየተመለሰ ነው፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም።

ስለ ምንኩስና ቤተ ክርስቲያኖቹ ያላቸው አቋም ዛሬም የተለያየ ነው፣ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሐቀኛ ሥራ ለእግዚአብሔር ሊቀርብ እንደሚችል ግን ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አይጣሉም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ኦሪት ዘጸአት 31 አለ። የመገናኛውን ድንኳን ዕቃ እንዲሠራ የተመረጠው ባስልኤል በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት በግልጽ ከተነገረላቸው ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነው። የተሞላው ለምን ነበር? ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ። መንፈስ ቅዱስ ሲባል አእምሯችን ወደ መድረክና ወደ ማይክ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ይህንን ምዕራፍ ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ተማሪው እንምጣ። ተማሪ ከሆናችሁ የአሁኑ የግል ጥሪያችሁ መማር ነው። ስትመረቁ የሚጀምር ነገር አይደለም። ይህንን የምለው ትምህርቱን ዲግሪ እስኪያዝ ድረስ የሚታለፍ ነገር፣ እውነተኛውን አገልግሎት ደግሞ የተማሪዎች ኅብረት ብቻ አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ስላሉ ነው። በኅብረቱ የጸሎት ቡድን፣ የመዘምራን ቡድን፣ የስብከት ቡድን ውስጥ አለ፤ ክላስ ግን የለም። አሳይመንቱን የሚሠራለት ጓደኛው ነው። የቡድን ሥራ ላይ ስሙ ይገባል እንጂ እሱ አይገኝም። አብረውት የሚማሩት የማያምኑ ልጆች ስለ ክርስቶስ ከእሱ የሚማሩት ይሄንን ነው፤ እሱ ማታ ምን ያህል እንደጸለየ አያውቁም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች የሚባሉት ባስልዮስ ዘቂሣርያና ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አቴና ውስጥ አብረው ይማሩ ነበር። አቴና ያኔ የአሕዛብ ጥበብ መናኸሪያ ናት፤ መምህራኑም ብዙዎቹ ክርስቲያን አልነበሩም። ጎርጎርዮስ ለባስልዮስ ባቀረበው የመታሰቢያ ንግግር ያንን ዘመን ሲያስታውስ እኛ የምናውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነበር ይላል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው፣ ሌላው ወደ መምህራን። ወደ ትርኢትና ወደ ድግስ የሚወስዱትን ለሌሎች ተውንላቸው ይላል። ባስልዮስ ራሱ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ወጣትነቱን የዚህን ዓለም ጥበብ ሲቀስም በከንቱ እንዳባከነው ይናገራል። ግን እኮ ያው ባስልዮስ ነው የአሕዛብን መጻሕፍት እንዴት እንደሚያነቡ ለወጣቶች ምክር የጻፈው፤ ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ይዛ ቀሪውን ትታ ትሄዳለች፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ አላቸው። የተማረው ንግግርና አስተሳሰብ በስብከቱ ሁሉ ይታያል። በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን ያቋቋመው ትልቅ የእርዳታ ስፍራ ደግሞ እውቀትና እምነት በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚወልዱ ያሳያል። ጸጸቱንም ምክሩንም አንድ ላይ መያዝ ያለብን ይመስለኛል። እውቀት ለራስ ክብር ሲሆን ከንቱ ነው፤ ለሌላው ሲውል ግን አገልግሎት ይሆናል።

ከእሱ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድመው ዳንኤልም አለላችሁ። ተማርኮ ባቢሎን ሲገባ እሱና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ ታዘዘ። የማረካቸው አገር ሥርዓተ ትምህርት ነው። ስማቸው ሳይቀር ተቀየረ። ዳንኤል በምግቡ ጉዳይ አልረክስም ብሎ ቆመ፤ ትምህርቱን ግን እምቢ አላለም። መጽሐፉም በትምህርትና በጥበብ ሁሉ ማስተዋልን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው ይላል (ዳን. 1፥17)። የት ላይ እሺ፣ የት ላይ እምቢ እንደሚባል መለየት የሚቻለው ነገሩን ቀርቦ ሲያውቁት ነው። ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም እምቢ ማለት ቀላል ነው፣ ሁሉንም እሺ ማለትም እንደዚያው።

«ፍልስፍና አትውሰድ፣ እምነትህን ትጥላለህ» የሚል ምክር የሰማ ተማሪ ብዙ ነው። ስጋቱ ባዶ ነው አልልም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እምነቱ የተናጋ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደጋግሜ የማየው ችግር ግን የሙያ እውቀቱ በየዓመቱ እያደገ የእምነት እውቀቱ በልጅነት የተማረው ላይ የቆመ ሰው ነው። ስለ ዝግመተ ለውጥ ወይም ስለ ታሪክ ምንጮች አተያይ የሚያስተምረውን ክላስ በልጅነት መዝሙር ብቻ መመለስ አይቻልም። መድኃኒቱ ክላሱን መሸሽ ሳይሆን እምነትንም በዚያው ደረጃ ማጥናት ነው። በሙያችሁ የቀደሟችሁ አማኞችን ፈልጉና ጥያቄውን አውጥታችሁ ጠይቋቸው። ያልገባችሁን አልገባኝም ብላችሁ ይዛችሁት ቆዩ፤ ሁሉም ጥያቄ በዚህ ሴሚስተር መመለስ የለበትም። ጌታ ፊተኛይቱን ትእዛዝ ሲጠቅስ «በፍጹም አሳብህ» የሚለውም አለበት (ማቴ. 22፥37)። ማሰብ የአምልኮው ክፍል ነው።

ስለ ኩረጃ አጭር ነገር ልበል። ኩረጃን ብዙ ጊዜ የምንኮንነው ውሸትና ስርቆት ስለሆነ ነው፤ ልክ ነው፣ ነው። ከባልንጀራ አንጻር ካያችሁት ግን የበለጠ ይከብዳል። የመድኃኒት መጠን ስሌቱን ከጓደኛዋ የቀዳችው የፋርማሲ ተማሪ ነገ የምታሰላው ለሕፃን ነው። የብረቱን ስሌት ያልተማረው የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነገ ድልድይ ላይ ይፈርማል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ አሉ። ለመረዳት መጠቀምና እንዲያስብላችሁ ማድረግ የተለያየ ነገር ነው፤ ልዩነቱንም ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ያስረከብኩትን ወረቀት መምህሩ ድንገት «ተነሣና አስረዳኝ» ቢለኝ አስረዳለሁ?

ውጤትን በተመለከተም እንዲሁ። የሚችለውን ያህል ያልሠራ ሰው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መሸፋፈን የለበትም። የሚችለውን ሁሉ ሠርቶ ሲ ያመጣ ልጅ ደግሞ ጥሪውን ፈጽሟል፤ ጂፒኤው የሰውነቱ ዋጋ አይደለም። ሁለተኛውን ጮክ ብሎ የሚነግረው ሰው በጣም ያስፈልገዋል፣ በተለይ ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋውን እሱ ላይ ጥሎ ከሆነ።

ሥራ ቦታስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ክርስቲያን ሠራተኛ ሲባል ጠረጴዛው ላይ ጥቅስ የለጠፈና በሻይ ሰዓት የሚመሰክር ሰው ይታየዋል። ጥቅሱም ምስክርነቱም መልካም ነው። ግን መጥምቁ ዮሐንስ የጠየቁትን ሰዎች ምን እንዳላቸው እዩ (ሉቃ. 3፥10-14)። ቀራጮች መጡ፤ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮች መጡ፤ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ለእያንዳንዱ ሙያ የየራሱን ፈተና ነቅሶ ነው የመለሰው። እናንተም ሙያችሁ ውስጥ ሁሉም ሰው የለመደውና ማንም የማይደነግጥበት ጥፋት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ያዥ ከሆናችሁ የተጋነነው ደረሰኝ ነው። ሶፍትዌር ከሠራችሁ ሳይፈተሽ የተላከው ኮድ ነው። ነርስ ከሆናችሁ ሳይለካ የተሞላው የሙቀት መጠን ነው። መምህር ከሆናችሁ ሳይነበብ የታረመው ወረቀት ነው። እምነታችሁ ሥራ ቦታ የሚገባበት በር በዚያ በኩል ነው። በሥራ ሰዓት ረጅም ጸሎት እያደረጉ ባለጉዳይ ውጭ ማስቆም ግን ለእግዚአብሔር መሥራት አይደለም፤ የባለጉዳዩን ጊዜ መውሰድ ነው።

«የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት» የሚለው ቆላስይስ 3፥23 በየቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። ለማን እንደተጻፈ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የተጻፈው ለባሪያዎች ነው። ሥራቸውን ያልመረጡ፣ ደመወዝ የሌላቸው፣ «ሕልምህን ተከተል» ቢባሉ የሚስቁ ሰዎች ናቸው። ጳውሎስ ለእነሱ የሚላቸው፣ ጌታችሁ ባያያችሁም የሚያያችሁ አለ፣ ርስትንም ብድራት አድርጎ ይሰጣችኋል ነው። ርስት የማይወርሱ ሰዎችን ወራሾች ናችሁ ማለቱ በዘመኑ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይህንን ጥቅስ ግን አለቆች ሠራተኛን ዝም ለማሰኘት ሲጠቀሙበት ያናድደኛል። ክርስቲያን አሠሪ «ለጌታ እንደምትሠሩ» እያለ ኦቨርታይም ሳይከፍል ሲያሠራ፣ መንፈሳዊ ድርጅት ሠራተኛውን «አገልግሎት ነው» ብሎ ወር እየዘለለ ሲከፍል፣ ከጥቅሱ ሦስት ቁጥር ወረድ ቢሉ ሌላ ትእዛዝ ይጠብቃቸዋል። ጌቶች ሆይ፣ ለባሪያዎቻችሁ ፍትሕንና እኩልነትን ስጡ፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁ ይላል (ቆላ. 4፥1)። ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም እግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላል (ያዕ. 5፥4)። ስለዚህ ደመወዙን የጠየቀ ሠራተኛ መንፈሳዊነቱ ጎደለ የሚል ካለ መጽሐፉን ገና አላነበበም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ጥሪን ከመውደድ ጋር አንድ ማድረግ ነው። የምትወደውን ሥራ ካገኘህ ጥሪህን አገኘህ፣ ከሰለቸህ ተሳስተሃል ይባላል። ዘፍጥረት 2 ላይ ሰው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተቀመጠ፤ ሥራ ከውድቀት በፊት የነበረ በረከት ነው። ምዕራፍ 3 ላይ እሾህና ላብ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሥራ ሁለቱንም አዝሎ ነው የሚመጣው። ፓስተሩም የሚሰለቸው ስብሰባ አለው፣ ሐኪሟም የምትጠላው ወረቀት አላት። ድካምና መሰልቸት ብቻቸውን የመልቀቂያ ምልክት አይደሉም፤ ልብ ሞቅ ማለቱም ብቻውን የመግቢያ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ምርጫ ሲመጣ በምን ይለያል? አንዳንዱ ሥራ ገና ከመነሻው ለእግዚአብሔር ሊቀርብ አይችልም፤ ሰው እየተታለለ ወይም እየተጎዳ ብቻ ትርፍ የሚያመጣ ከሆነ ብዙ መጸለይ አያስፈልገውም፣ መልሱ ይታወቃል። ከዚያ ውጭ ግን የምጠይቃቸው ነገሮች በጣም ተራ ናቸው። ምን ትችላላችሁ? የሚያውቋችሁ ሰዎች፣ በተለይ የማይፈሯችሁ፣ ምን ላይ ጎበዝ ናችሁ ይላሉ? የቱ ሰው ነው የሚጎድልበት? ቤተሰባችሁ ላይ ምን ያመጣል? የተከፈተው በር የቱ ነው? ጸሎት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይሄዳል፤ እነዚህን ግን አይተካም። ሁለቱም ምርጫ መልካም ከሆነ አንዱን መርጦ በሰላም መሄድ ይቻላል። የእግዚአብሔር ፈቃድ አንድ እግር ስታስቱ የምትወድቁበት ቀጭን ገመድ ተደርጎ መሰበኩ ብዙ ወጣት አስጨንቋል።

ዮሐንስ ኬፕለር ቱቢንገን የገባው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሊሆን ነበር። በ1594 ትምህርቱን ሳይጨርስ ግራዝ የሚገኝ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንዲሆን ተላከ። በዓመቱ ለቀድሞ መምህሩ በጻፈው ደብዳቤ የሥነ መለኮት ሰው ለመሆን ፈልጎ ለረጅም ጊዜ ዕረፍት አጥቶ እንደነበር ይናገራል፤ አሁን ግን በሥነ ፈለክ በኩልም እግዚአብሔር በድካሙ እንደሚከብር አየ። የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሕጎች ያገኘው ይህ ሰው ነው። ዊልያም ዊልበርፎርስ ደግሞ በ1785 እምነቱ ሕያው ሲሆንለት የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር፤ ፖለቲካውን ልተው እንዴ ብሎ ተጨነቀ። ምክር ፍለጋ የሄደው ቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ ወደነበረውና በኋላ ቄስ ወደሆነው ጆን ኒውተን ዘንድ ነው። ኒውተን ባለህበት ቆይ ብሎ መከረው። በ1807 የባሪያ ንግዱ በሕግ ሲታገድ ትግሉን ፓርላማ ውስጥ ሲመራ የኖረው ዊልበርፎርስ ነበር። ሁለቱም «አገልግሎት ልግባ» ብለው ሊወጡ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ይህ ሲባል የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ጥሪ የለም ማለት አይደለም። አለ፣ ያስፈልገናልም። ሐዋርያት ሥራ 13 ላይ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ሲል የተናገረው ተሰብስበው ለሚጾሙት ለአንጾኪያ አገልጋዮች ነው፤ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጅ ጭነው ላኳቸው። ማኅበረ ምእመናኑ ያላየውን፣ ታላላቆቹ ያልመዘኑትን «ጌታ ተናገረኝ» ይዞ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ካለ፣ እባካችሁ አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያናግረው። ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ከምረቃ በኋላም ይኖራል።

ስለ ዕረፍትም አንድ ነገር። ሥራ ጥሪ ነው ማለት ሲበዛ ሰውን ወደ ማቃጠል ይሄዳል፤ በተለይ ትጉሆቹን። ዘዳግም 5 ላይ የሰንበት ትእዛዝ የተሰጠበት ምክንያት በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ የሚል ነው። ማረፍ የማይችል ሰው ገና ባሪያ ነው፣ አለቃው ፈርዖንም ይሁን የራሱ ምኞት። ትእዛዙ ደግሞ ሠራተኛህም እንዲያርፍ ይላል። እናንተ እሑድ ስታመልኩ በየአምስት ደቂቃው መልእክት እየላካችሁለት የሚሠራ ሠራተኛ ካለ ሰንበቱን አላከበራችሁለትም።

የቀረው ሥራ ያጣው ሰው ነው። ተመርቆ ዓመት የሞላው፣ ወይም ከሥራ የተቀነሰው። ስለ ጥሪ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው እሱን ይረሳል፣ ጭራሽ ቁስሉን ይነካዋል። ከላይ ያየነው ግን እሱንም ይመለከተዋል። ዋናው ጥሪው አልተነካም። የግል ጥሪዎቹም አላለቁም፤ አሁንም ልጅ ነው፣ አባት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ሥራ መፈለጉ ራሱ የሰሞኑ ሥራው ነው። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ተስፋ የሚመጣው 70 ዓመት ትቆያላችሁ ከተባሉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ያላችሁበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ተባሉ (ኤር. 29)። ጓደኛችሁ ሥራ ሲያጣ ያንን ጥቅስ ከላካችሁለት የፊተኛውንም ክፍል አስታውሱ፤ ይዘገያል ማለት መናቅ አይደለም። ከዚያ ሲቪውን ተቀበሉና እዩለት፣ ለኢንተርቪው አብራችሁት ተለማመዱ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ቦታ ሲከፈት ከማንም በፊት ደውሉለት።